ታይተር 64፣ በማን ቁና?

አንድ የአንቲ-ኤ ጠርሙስ (የኤ ደም ሴልን በማጓጎል የደም ዓይነትን የሚለይ ሪኤጀንት፣ ማለትም መመርመሪያ ፈሳሽ) ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለት ላቦራቶሪዎች ቢላክና «ጥንካሬው ስንት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንዱ 256፣ ሌላው 64 ብሎ ሊመልስ ይችላል። ዋሾ የለም። የአንደኛው ቀይ የደም ሴል ትናንት የተቀዳ ነው፤ የሌላው ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ሳምንት ከርሟል። አንዱ ሴሉን 2 በመቶ አድርጎ በጥብጦታል፣ ሌላው 5 በመቶ። አንዱ ቲዩቡን እንደ እንቁላል ይይዘዋል፣ ሌላው እንደ ቅል ይንጠዋል። ታይተር የሚባለው ቁጥር፣ ሪኤጀንቱ እስከ ስንት እጥፍ ቀጥኖ ሴል እንደሚያጓጉል የሚናገረው፣ እንደ ድሮው ቁና ነው፤ የዚህኛው ገበያ ከዚያኛው ገበያ ጋር አይገጥምም።

አገሮች የደም ዓይነት ምርመራን ለማሻሻል ያደረጉት ትብብር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሥልጠናና ስለ ስብሰባ ነው። ከሁሉም የሚልቀው ውጤት ግን በጣት የምትያዝ አንዲት አምፑል ናት።

አምፑሏን የሚያዘጋጀው ከለንደን በስተሰሜን፣ ፖተርስ ባር አካባቢ የሚገኘውና በምሕጻሩ ኒብስክ የሚባለው የብሪታንያ የባዮሎጂ መስፈርቶች ተቋም ነው፤ የሚያጸድቀው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ። ማነጻጸሪያ የሚሆነው ሪኤጀንት ደርቆ በአምፑል ይታሸጋል፣ በኮድ ተሸፍኖ በልዩ ልዩ አገሮች ላሉ ላቦራቶሪዎች ይላካል፣ ሁሉም አቅጥነው ይመረምሩታል፣ ውጤቱ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይመዘናል። የየላቦራቶሪው ታይተር ለብቻው ሲታይ የተራራቀ ይሆናል። ሌላው ሪኤጀንት ከአምፑሏ ጋር ጎን ለጎን፣ በአንድ ሴልና በአንድ እጅ ሲሠራ ግን ልዩነቱ ይጠባል፤ የደከመ ሴል ሁለቱንም እኩል ያደክማል፣ የሚንጥ እጅም ሁለቱንም እኩል ይበትናል።

የአምፑሎቹን ቁጥር መያዝ ይጠቅማል። የአንቲ-ኤው 03/188፣ የአንቲ-ቢው 03/164፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚለየው የአንቲ-ዲው 99/836 ይባላሉ። አጠቃቀማቸው እንዲህ ነው፦ 03/188 በ8 እጥፍ፣ 03/164 በ4 እጥፍ፣ 99/836 በ3 እጥፍ ሲቀጥኑ ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ጥንካሬ ይሆናሉ። ለሽያጭ የሚቀርብ ሪኤጀንት ከዚያ ወለል በታች መውረድ የለበትም። እዚህ ላይ በየጊዜው የሚደገም ስሕተት አለ። 8 እጥፍ ማለት 1 እጅ ሪኤጀንት ከ7 እጅ ማቅጠኛ ጋር ነው እንጂ ከ8 እጅ ጋር አይደለም። «1 ለ8» ብሎ የጻፈ አሠራር ለሁለት ሰው ሁለት ነገር ይነግራል፤ «1 እጅ ሲደመር 7 እጅ» ብሎ መጻፍ ጭቅጭቁን ይዘጋዋል።

የአውሮፓ ምክር ቤት የደም ዝግጅት መመሪያም በቁጥር ይናገራል፦ አንቲ-ኤና አንቲ-ቢ በኤ1 ወይም በቢ ሴል ቢያንስ 128፣ ኤ ደከም ብሎ በሚገኝባቸው በኤ2ና በኤ2ቢ ሴል 64። ጥሩ ወለል ነው። ግን ቁጥሩ ያለ ማነጻጸሪያ ሲቀርብ የቁናው ነገር ተመልሶ ይመጣል።

አምፑሉ ለዕለት ሥራ የሚቀዳ አይደለም፤ ብዛቱም ዋጋውም አይፈቅድም። ቦታው ሪኤጀንት የሚያመርት ፋብሪካ ወይም ለአገር የሚገዛ ማዕከል ነው። ማዕከሉ አምፑሉን አንድ ጊዜ ከፍቶ አንድ ጥሩ የሪኤጀንት ሎት (በአንድ ጊዜ የተመረተ ምድብ) በእሱ ይለካል፤ ያንን ሎት ከፋፍሎ ያስቀምጥና የራሱ መስፈሪያ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ በጨረታ የሚገባው እያንዳንዱ ሎት የሚመዘነው በዚያ ነው። ጨረታ ሰነድ ላይ «ጥራቱን የጠበቀ አንቲ-ኤ» ከማለት «ከ03/188 የ8 እጥፍ ቅጥነት ያላነሰ፣ የሎቱ ማስረጃ የተያያዘበት» ማለት አቅራቢውን ከንግግር ወደ ወረቀት ያመጣዋል።

አነጻጻሪ ታይትሬሽን፣ ማለትም ሁለት ሪኤጀንት ጎን ለጎን ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑ መለካት፣ ለመሥራት ለእያንዳንዱ ሪኤጀንት 10 ቲዩብ ይደረደራል። በሁሉም 100 ማይክሮሊትር ማቅጠኛ ይገባል፤ ማቅጠኛው 1 በመቶ አልቡሚን ያለበት ሳላይን ቢሆን ይመረጣል፣ በጣም የቀጠነ አንቲቦዲ በባዶ ሳላይን ውስጥ የቲዩቡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋልና። በመጀመሪያው ቲዩብ 100 ማይክሮሊትር ሪኤጀንት ተጨምሮ አምስት ስድስት ጊዜ በፒፔት ይቀላቀላል፤ ከዚያ 100 ማይክሮሊትር ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እያለ ይቀጥላል፤ ከመጨረሻው የሚወጣው ይደፋል። ጫፍ በየቲዩቡ ይቀየራል። ጫፍ ለመቆጠብ የሞከረ ላቦራቶሪ በጫፉ ውጭ የተጣበቀውን ጠንካራ ሪኤጀንት ወደ ታች ይዞት ይወርድና 64 የነበረውን 512 ያደርገዋል። ደካማ ሎት «ያለፈው» እንዲህ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ማነጻጸሪያው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሴል ይሠራል። ሴሉ ከአንድ ሰው ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ ቢያንስ ከሦስት የኤ1 ለጋሾች፣ ቢገኝ ደግሞ ከኤ2ቢ። አንቲ-ኤ ድክመቱን የሚያሳየው ኤ2ቢ ላይ ነው፤ በኤ1 ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው። የሚያነበው ሰው የትኛው ረድፍ የማን እንደሆነ ባያውቅ ጥሩ ነው። የአንድ ቲዩብ ልዩነት የእጅ መንቀጥቀጥ ነው፣ አይቆጠርም። ሁለት ቲዩብ ከሆነ ልዩነቱ የእውነት ነው።

ከታይተር ሌላ የሚረሳ ነገር ፍጥነት ነው። ስላይድ የሚጠቀም ላቦራቶሪ የሚያነበው በ2 ደቂቃ ውስጥ ነው። ታይተሩ ከፍ ያለ፣ ግን ለመያያዝ የሚዘገይ አንቲቦዲ ቲዩብ ውስጥ በሴንትሪፊዩጅ ታግዞ 4+ (ከፍተኛው የመጓጎል ደረጃ) ይሆናል፤ ስላይድ ላይ ደግሞ ጊዜው እስኪያልቅ ይለግማል። ስለዚህ አዲስ ሎት ሲገባ በሚሠራበት ዘዴ መሞከር አለበት። ስላይዱ ከ2 ደቂቃ በላይ ሲቆይ ጠርዙ ይደርቃል፣ የደረቀው ጠርዝ የተጓጎለ ይመስላል፣ ኦ የነበረው ሰው ኤ ይባላል። ስላይድ ብቻውን የሪቨርስ ምርመራም፣ ማለትም በፕላዝማው ውስጥ ያለውን አንቲቦዲ የሚያየውን፣ አይሠራም፤ ያንን መረጃ አውቆ መተው ነው።

አንቲ-ዲ ላይ ጥንካሬ ብቻ መልስ አይሆንም። የዲ ፕሮቲን ብዙ ገጽ አለው፤ አንዳንድ ሰው ከገጾቹ የተወሰኑት ይጎድሉታል። ከእነዚህ ታዋቂው ዲ6 የሚባለው ነው። ዲ6 ያለው ሰው ሙሉ ዲ ያለበት ደም ቢሰጠው የጎደለውን ገጽ እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቲ-ዲ ሊያመርት ይችላል። ስለዚህ ለታካሚ የሚመረጠው ዲ6ን የማያይ ክሎን (ከአንድ ሴል ዘር የተመረተ አንቲቦዲ) ነው፤ ሰውየው ኔጋቲቭ ተብሎ ኔጋቲቭ ደም ይሰጠዋል። ለጋሽ ሆኖ ሲመጣ ግን ዲ6ን የሚያይ ክሎን ወይም በኮምብስ ዘዴ፣ ሴል ላይ የተለጠፈውን አንቲቦዲ በሌላ አንቲቦዲ አያይዞ በሚያጓጉለው፣ የሚሠራ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ደሙ ኔጋቲቭ ለሆነ ሰው እንዳይሰጥ ፖዘቲቭ ይባላል። አንድ ሰው በልገሳ ካርዱ ፖዘቲቭ፣ በሆስፒታል ካርዱ ኔጋቲቭ ሆኖ ሲገኝ ላቦራቶሪው ተሳሳተ የሚባለው ይህን ሳይጠይቁ ነው። የጠርሙሱን ወረቀት አንብቡ፤ የክሎኑ ስምና ዲ6ን ያይ እንደሆነ ተጽፎ መገኘት አለበት። ካልተጻፈ አትግዙት።

በኮምብስ ዘዴ ዲን የሚመረምር ሰው የሚወድቅበት ቦታ እጥበቱ ነው። ሴሉ ከአንቲ-ዲ ጋር በ37 ዲግሪ ከቆየ በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ በሳላይን ይታጠባል፣ በየእጥበቱ ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ ይደፋል። ትንሽ ግሎቡሊን ከቀረ የሚጨመረውን የኮምብስ ሪኤጀንት ይውጠውና ውጤቱ ኔጋቲቭ ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኔጋቲቭ ቲዩብ አንቲቦዲ የለበሰ መቆጣጠሪያ ሴል ይጨመራል፣ ሴንትሪፊዩጅ ይደረጋል፣ መጓጎል አለበት። ካልጓጎለ ምርመራው አልተሠራም ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ይደገማል። ይህን መቆጣጠሪያ ሴል «ዕቃ ስላለቀ» የዘለለ ላቦራቶሪ ኔጋቲቭ የሚለውን ሁሉ በእምነት ነው የሚለው።

ከሪኤጀንት ቀጥሎ ያለው ቁና ሴንትሪፊዩጁ ነው። «በ3000 ዙር ለ15 ሰከንድ» የሚል አሠራር ከሌላ ሆስፒታል ተገልብጦ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የሚጎድለው የመሣሪያው ራዲየስ ነው። ሴሉን ወደ ታች የሚጫነው ኃይል በጂ፣ ማለትም በመሬት ስበት እጥፍ፣ ይለካል፤ ስሌቱ አጭር ነው፦ 0.00001118 ሲባዛ በራዲየሱ በሴንቲሜትር፣ ሲባዛ በዙሩ ካሬ። ራዲየሱ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ 3000 ዙር 1000 ጂ ገደማ ይሰጣል። 15 ሴንቲሜትር ከሆነ 1500 ይሆናል። በዚህኛው ኔጋቲቭ ሴል ከታች ተጣብቆ በጓል ስለሚነሣ ፖዘቲቭ ይመስላል። ስለዚህ ጊዜው ለየመሣሪያው ይፈተሻል፦ አንድ ኔጋቲቭና አንድ ደካማ ፖዘቲቭ ይዞ 10፣ 15፣ 20፣ 30 ሰከንድ መሞከር። ኔጋቲቩ ለስላሳ ሆኖ የሚነሣበት፣ ፖዘቲቩ የሚጠበቀውን ደረጃ የሚደርስበት፣ ከላይ ያለው ፈሳሽ ጥርት ያለበት አጭሩ ጊዜ ይመረጥና መሣሪያው ላይ ይለጠፋል። ከጥገና በኋላ ይደገማል።

የሴሉን ብጥብጥ በዓይን «እንደ ቲማቲም ጭማቂ» እያሉ ማዘጋጀት ልማድ ነው። ልማዱ ይሠራል፣ ዓይኑ የለመደ እስከሆነ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ግን ይለካ፦ ሦስት ጊዜ ከታጠበና ከተጠቀጠቀ ሴል 0.3 ሚሊ፣ ሳላይን 9.7 ሚሊ፣ 3 በመቶ። ቲዩብ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ሪኤጀንቱ ነው። አንቲ-ኤ ሰማያዊ፣ አንቲ-ቢ ቢጫ ስለሆነ መግባቱ ይታያል፤ አንቲ-ዲ ግን ቀለም የለውምና ሲረሳ አይታወቅም። ሴል ቀድሞ ከገባ የተረሳ ሪኤጀንት ኔጋቲቭ ሆኖ ይነበባል።

ወደ ውጭ ጥራት ምዘና፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ኢኪውኤ ወደሚባለው እንሂድ። የብሪታንያው ኔክዋስ፣ የአውስትራሊያውና የአሜሪካው ፓቶሎጂስቶች ኮሌጆች ለብዙ አገሮች ናሙና ይልካሉ። ለላቦራቶሪው የሚደርሱት ጥቂት ቲዩቦች ናቸው፤ ደሙ የማን እንደሆነ ላኪው ብቻ ያውቃል። ትርፉ በአሠራሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ናሙናው ሲደርስ በጣም የሠለጠነው ባለሙያ ተጠርቶ፣ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ፣ ጎረቤት ሆስፒታል ተደውሎ የሚሠራ ከሆነ የተመዘነው ላቦራቶሪው ሳይሆን የስልክ መስመሩ ነው። በተራው ሰው፣ በተራው ቀን፣ በዕለቱ ክፍት በሆነው ጠርሙስ ይሠራ። የሌሊት ተረኛም ተራው ይድረሰው፤ አደጋ የሚበዛው ያኔ ነው።

ውጤቱ ስሕተት ሆኖ ሲመለስ መጀመሪያ የሚታየው ሪኤጀንት መሆን የለበትም። ሁለት ናሙናዎች መልሳቸው ተለዋውጦ ከሆነ፣ የ2ኛው ለ3ኛው፣ የ3ኛው ለ2ኛው፣ ምርመራው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ጽሑፉ ነው። ሪኤጀንት መቀየር ለዚህ አይረዳም። አንድ ሰው ከቲዩብ ወደ መዝገብ፣ ከመዝገብ ወደ ቅጽ ሲገለብጥ ሁለት ጊዜ ሊሳሳት ይችላል፤ መዝገቡን አልፋችሁ በቀጥታ ቅጹ ላይ ጻፉ። ደካማ ፖዘቲቭ ናሙና ኔጋቲቭ ከተባለ ግን ሴንትሪፊዩጁን፣ የሴሉን ብጥብጥ፣ ከዚያ የፍሪጁን የሙቀት መዝገብ በዚህ ቅደም ተከተል መፈተሽ ነው። ሪኤጀንት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ መብራት ሲጠፋና ሲመለስ ቴርሞሜትሩ ያነበበውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ማየት ያስፈልጋል፣ አሁን ያለውን ብቻ ማየት ምንም አይነግርም።

የዓለም አቀፍ ኢኪውኤ ድክመቱ መንገዱ ነው። ቀይ የደም ሴል በረዶ አይወድም፣ ሙቀትም አይወድም። ናሙናው በሦስት ሽፋን፣ የባዮሎጂ ናሙና መላኪያ ምልክት በሆነው ዩኤን 3373 ታሽጎ ቢመጣም ዕቃ ማስለቀቂያ ላይ ሦስት ቀን በሞቃት መጋዘን ካደረ ሴሉ ፈርሶ ይደርሳል፤ ፕላዝማው ቀላ ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ናሙና ሲደርስ «ሄሞላይዝድ» ተብሎ መመዝገብና ለላኪው መነገር አለበት። የሚመጣበት ቀን ቀድሞ ታውቆ ፈቃዱ ከዕቃው በፊት ቢያልቅ ግማሹ ችግር ይጠፋል።

መንገዱ ሲያስቸግር አገር ውስጥ ፓነል፣ ማለትም የመመዘኛ ናሙናዎች ስብስብ፣ ማዘጋጀት ይቻላል፣ ከባድም አይደለም። ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ኔጋቲቭ ከሆኑ፣ ሲፒዲኤ-1 የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ባለበት ከረጢት ከተቀዱ ትኩስ ዩኒቶች አምስት ናሙና ይመረጣል፦ አንድ ኦ ዲ-ኔጋቲቭ፣ አንድ ኤ2ቢ፣ አንድ ቢ፣ አንድ ኤ፣ አንድ ደግሞ የኤና የኦ ድብልቅ። ድብልቁ ኦ ደም የተሰጠውን የኤ ታካሚ ያስመስላል፤ አንቲ-ኤ ላይ ጓልና ነጻ ሴል አብረው ይታያሉ፣ «2+» ብሎ የሚያልፍና «የተቀላቀለ ነው» ብሎ የሚያቆም ሰው የሚለየው እዚህ ነው። ሲከፋፈል ከረጢቱ በየጊዜው ይገላበጥ፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቲዩብ ሴል፣ የመጨረሻው ፕላዝማ ይበዛበታል። የመጀመሪያው፣ የመካከለኛውና የመጨረሻው ቲዩብ ተመርምረው አንድ ዓይነት ካልሆኑ ፓነሉ አይወጣም። ሁለት ቲዩብ ደግሞ መንገዱ የሚፈጀውን ቀን ያህል ክፍል ሙቀት ላይ ቆይተው ይመረመራሉ።

በኢትዮጵያ ሳይታሰብ የተፈጠረ ነጻ ኢኪውኤ አለ። ደሙን የሚሰበስበውና መጀመሪያ የሚመድበው የደም ባንኩ ነው፤ ክሮስማች፣ ማለትም የለጋሹ ደም ከታካሚው ጋር መስማማቱን የሚያይ ምርመራ፣ የሚሠራው ደግሞ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ። ሆስፒታሉ ከከረጢቱ ቱቦ ላይ ደሙን እንደገና ሲመድብ ሁለት ላቦራቶሪዎች አንድ ናሙና መረመሩ ማለት ነው። ልዩነት ሲገኝ ከረጢቱን መመለስ ብቻ አይበቃም። የከረጢቱ ቁጥር፣ የሁለቱም የሪኤጀንት ሎት፣ የምላሹ ደረጃ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለሁለቱም ቢደርስ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከየትኛውም ከውጭ ከመጣ ሪፖርት የበለጠ ነገር ይናገራል።

ሪኤጀንቱም እጁም ትክክል ሆኖ ደሙ የሌላ ሰው ከሆነስ? ቤስት የሚባለው የደም ሕክምና ተመራማሪዎች ቡድን በ10 አገሮች ያሉ ሆስፒታሎችን ይዞ፣ ውጤቱን በ2003 አውጥቷል። 690,000 ያህል ናሙናዎች ታይተው፣ ከ165 አንዱ መለያው የተጓደለ፣ ወደ 2,000 ከሚጠጋ አንዱ ደግሞ ቲዩቡ ላይ ከተጻፈው ሰው ያልተቀዳ ነበር። የሌላ ሰው ደም መሆኑ የሚታወቀው አዲሱ ውጤት ከታካሚው የቀድሞ መዝገብ ጋር ሲጋጭ ነው። መጋጨቱ ግን ዕድል ይፈልጋል። ለምሳሌ በአንድ አካባቢ ኦ 40፣ ኤ 30፣ ቢ 24፣ ኤቢ 6 በመቶ ቢሆኑ፣ ሁለት ሰዎች በአጋጣሚ አንድ ዓይነት የሚሆኑበት ዕድል 31 በመቶ ነው። ከሦስት መለዋወጥ አንዱ በመዝገቡ ሥር ሾልኮ ያልፋል ማለት ነው። መዝገብ የሌለው አዲስ ታካሚ ላይ ደግሞ ሁሉም ያልፋል። ስለዚህ በሁለት የተለያየ ጊዜ፣ ቢቻል በሁለት ሰው እጅ የተቀዱ ሁለት ናሙናዎች እስኪስማሙ ድረስ ኦ ደም መስጠት። በአንድ መርፌ ሁለት ቲዩብ መሙላት ሁለት ናሙና አይደለም፤ ከአልጋው ራቅ ብሎ ቲዩብ ላይ ስም መጻፍም ስሕተቱን በራስ እጅ መጻፍ ነው።

አሁን አሁን ትብብሩ ወደ ጂን ምርመራ ዞሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህም 4 የደረቁ የዲኤንኤ ማነጻጸሪያዎች አሉት። የቁናው ጥያቄ እዚህ ላይ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ቁናው ከማን እህል እንደተሠራ ይጠየቃል። አውሮፓዊ ዲ-ኔጋቲቭ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዲ ፕሮቲንን የሚያሠራው የአርኤችዲ ጂን ጨርሶ የለውም። «ጂኑ ካለ ፖዘቲቭ» የሚል ምርመራ ለእሱ ይሠራል። በ2000 በታተመ የአውሮፓና የአፍሪካ የጋራ ጥናት ግን ከተመረመሩት ዲ-ኔጋቲቭ ጥቁር አፍሪካውያን 66 በመቶው ጂኑ ነበራቸው፤ የሞተ ጂን። 37 ፊደል ተደግሞ ገብቶበት ፕሮቲን መሥራት አቁሟል። የአውሮፓው ምርመራ እነዚህን ሰዎች ፖዘቲቭ ይላቸዋል።

ይህ በወረቀት የሚቀር ነገር አይደለም። በኔዘርላንድ፣ በዴንማርክና በእንግሊዝ ዲ-ኔጋቲቭ ነፍሰ ጡር ከደሟ የፅንሷ አርኤችዲ ይመረመራል፤ አፍሪካዊት እናት የሞተውን ጂን ከተሸከመች ውጤቱ የሚያሳየው የራሷን ጂን ይሆናል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ኤክሶን 7 (ኤክሶን ከጂኑ ክፍሎች አንዱ ነው) የሞተውንም ሕያዉንም ጂን ያሳያል፤ በጥንቃቄ የተነደፈ የኤክሶን 5 ምርመራ ግን የሞተውን አያሳይም። 7 ፖዘቲቭ፣ 5 ኔጋቲቭ ሆኖ ከወጣ የሞተው ጂን ይጠረጠራል። እንዲህ ያለ ኪት ለመግዛት የሚያስብ ማዕከል ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቀው፦ የትኞቹን ኤክሶኖች ለየብቻ ያሳያል፣ የተፈተነውስ በማን ደም ነው? ሁለተኛውን ጥያቄ «በብዙ ሺህ ናሙና» ብሎ ከመለሰ፣ የናሙናዎቹን አገር ዝርዝር በጽሑፍ ይላክ።